ካዝናና ሌጌዎን፦ የቄሳር 3 ከተማዬ ማስታወሻ

ጌሙ ቄሳር 3 ነው፣ የሮም ገዥ ሆናችሁ ከተማ የምትገነቡበትና የምትጠብቁበት የኮምፒውተር ጌም። በ1998 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው፣ ኢምፕሬሽንስ ሠርቶት ሲዬራ አሳተመው። አሮጌ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ከዚያ በኋላ ከወጡት የከተማ ግንባታ ጌሞች ብዙዎቹ የሱን ያህል አልያዙኝም። የምጫወተው ጁሊየስ በሚባለው ፕሮግራም ነው። በጎ ፈቃደኞች የጌሙን ሞተር እንደገና ጽፈው በነፃ የለቀቁት ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። የዋናው ጌም ፋይሎች ግን ሊኖሯችሁ ይገባል፣ ሥዕሉም ድምፁም የሚመጣው ከዚያ ነው። በአሮጌ ላፕቶፕ እንኳ አይንቀራፈፍም።

ዝግጅት

ካርታውን ራሴ በኤዲተሩ (በጌሙ ካርታ መሥሪያ) ሠራሁት። የሰሜን አፍሪካ ዓይነት በረሃማ ዳርቻ ነው። በምሥራቅ ባሕር፣ በምዕራብ ድንጋያማ ኮረብታ፣ መሃል ላይ ጠበብ ያለ ለም መሬት። ዓመቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት 220 ላይ አስጀመርኩት። ጠላት የሮም ባላንጣ የነበረችው ካርታጎ ናት። መነሻ ገንዘብ 6,000 ዲናር። ካዝናው ሲራቆት ቄሳር አንዴ ጣል የሚያደርግላችሁ የማዳኛ ብድር አለ፣ መጠኑ ኤዲተሩ ውስጥ ይወሰናል፤ እሱን ዜሮ አደረግሁት። የካርታጎ ጦር በ217 እንዲመጣ አዘዝኩ። ዓመቱን እኔ ብመርጥም ወሩን ጌሙ ራሱ በዕጣ ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ካርታውን የሠራው ሰውም ቢሆን ተዝናንቶ አይቀመጥም።

ለምን ይሄን ሁሉ? ብዙ ሰው እዚህ ጌም ላይ ገንዘብና ጦርን ለየብቻ ያስባል። መጀመሪያ ልክበር፣ ጦሩን ከዚያ እገዛለሁ ይላል። እኔ ደግሞ ሁለቱም የሚወጡት ከአንድ መጋዘን ነው ባይ ነኝ። ይሄን በቁጥር አይቼ መጻፍ ፈለግሁ።

በነገራችን ላይ በ220 ዲናር የሚባል ገንዘብ ገና አልነበረም። ሮም ዲናርን መምታት የጀመረችው በ211 ገደማ ነው፣ ያውም ከካርታጎ ጋር በነበረው ሁለተኛው ጦርነት መሃል። ቄሳርም ገና አልነበረም። ጌሙ ግን ለዚህ ደንታ የለውም፣ እኔም እተወዋለሁ።

220፣ ጃንዋሪ

ዓመቶቹ ከልደት በፊት ስለሆኑ ቁጥሩ ወደ ታች ነው የሚሄደው፣ እንዳይምታታባችሁ።

አንድም ቤት ሳልሠራ 500 ዲናር አውጥቼ ከታረንቱም ጋር የንግድ መንገድ ከፈትኩ። በዓመት 15 ጭነት ሸክላ ትገዛለች። ሸክላ አንዱ ጭነት 140 ዲናር ይሸጣል፣ ስለዚህ ኮታው ከሞላ 2,100 ነው። ከድንኳን ነዋሪ ግብር ይሄን ያህል መሰብሰብ ዘበት ነው። ድንኳን ውስጥ የሚኖር ሰው የሚከፍለው ሳንቲም ነው፣ ሰብሳቢው የሚበላውን ደሞዝ እንኳ በቅጡ አይሸፍንም። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ዓመት ፎረም (ግብር ሰብሳቢው የሚወጣበትን ሕንፃ) የማልሠራው።

ሁለት የአፈር ጉድጓድና አራት ሸክላ ሠሪ። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ጥሬ ዕቃ አውጪ ሁለት ወርክሾፕ ይመግባል። ሙሉ ሠራተኛ ያለው ወርክሾፕ በዓመት አምስት ጭነት ገደማ ያወጣል፣ ትንሽ ያንስ ይሆናል እንጂ አይበልጥም። አራቱ 19 ያህል ማለት ነው። ኮታው 15፣ የተረፈው ለነዋሪው ገበያ።

ደሞዝ ሮም በምትከፍለው ልክ፣ ለአሥር ሠራተኛ በዓመት 30 ዲናር። የራሴን የገዥነት ደሞዝ ዜሮ አደረግሁት። እሱም ከካዝና ነው የሚወጣው፣ ከማዕረጋችሁ በላይ ከወሰዳችሁ ደግሞ ቄሳር ፊቱን ያጠቁርባችኋል።

220፣ ዲሴምበር

ካዝና 1,240። ሸክላው መውጣት የጀመረው ዘግይቶ ነው፣ ነጋዴዎቹም የመጡት በልግ ላይ ነው። ስንዴው ይበቃል። እሳት አንዴ ተነስቶ ሁለት ድንኳን በላ። ሌላ የሚወራ የለም።

219

ዓመቱ ሁሉ እንዲሁ አለፈ። ሕዝቡ 900 ገደማ ደረሰ፣ ኮታው ሞላ፣ ካዝናው 1,500 ላይ ቆመ። መታጠቢያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የማርስ መቅደስ ሠራሁ። ማርስን መርሳት የለባችሁም። የጦርነት አምላክ ነው፣ ከተቀየመ ቂሙን የሚወጣው በወታደሮቻችሁ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው ያለው። ኢምፓየሩን የሚያሳየው ካርታ ላይ የጠላት ምልክት ብቅ ብሏል። የተለመደው ጥንቃቄ ዓመቱን ቆጥቦ መጠበቅ ነው። እኔ ግን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። በዚህ አያያዝ በዓመት የሚተርፈኝ ጥቂት መቶ ዲናር ነው። አንድ ምሽግ ብቻውን 1,000 ነው። በቁጠባ ከሄድኩ ካርታጎ ቀድማኝ ትደርሳለች።

218፣ ማርች

ስለዚህ ዕዳ ውስጥ ሆን ብዬ ልገባ ነው።

ጌሙ እስከ 5,000 ዲናር ዕዳ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ምንም መሥራት አይቻልም። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው፣ በየወሩ ይቆረጣል። የሮም ሞገስ (ቄሳር ለእናንተ ያለው አመለካከት በነጥብ ሲለካ) ዕዳ ውስጥ ስትገቡ ይቀንሳል፣ ዓመት ከሞላው እንደገና ይቀንሳል። ሞገሱ መሬት ከነካ ቄሳር የራሱን ሌጌዎኖች (የሮም እግረኛ ጦር ክፍሎች) ይልክባችኋል፣ እነሱ ደግሞ ከካርታጎ የባሱ ናቸው። ይሄን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ሞገሴ 50 ነው፣ የሚወርድ ነገር አለኝ።

በምዕራቡ ኮረብታ ሥር ሁለት የብረት ማዕድንና አራት ቀጥቃጭ ቤት ሠራሁ። ከሲራኩሳ ጋር ደግሞ ሌላ 500 ከፍዬ መንገድ ከፈትኩ፣ በዓመት 15 ጭነት ጦር መሣሪያ ትገዛለች። ጦር መሣሪያ አንዱ ጭነት 180 ዲናር ነው። ብረቱን ከውጭ ብገዛው 60 ያስወጣኝ ነበር፣ እሱም ቢሆን ያዋጣል፣ ከራስ ተራራ ሲወጣ ግን ሌላ ነው።

ከዚያ ወታደር የሚወጣበት ካምፕ፣ ከዚያ ወታደሮቹ የሚሰፍሩበት ሁለት ምሽግ። አንዱ ለእግረኛ ሌጌዎን፣ ሌላው ለጦር ወርዋሪዎች። ልዩነታቸውን ልብ በሉ። ሌጌዎኑ ለያንዳንዱ ወታደር አንድ ጭነት መሣሪያ ይበላል። ጦር ወርዋሪና ፈረሰኛ ግን ምንም አይፈልጉም፣ ካምፑ ሠራተኛ ይኑረው እንጂ ባዶ እጃቸውን መጥተው ይሰለፋሉ። አንድ ምሽግ 16 ሰው ነው የሚይዘው።

እስቲ እናስላው። ሌጌዎን ስንት ያወጣል ቢባል ብዙ ሰው 1,000 ይላል። አይደለም። 16 ጭነት መሣሪያ ብሸጠው 2,880 ዲናር ነበር። ከምሽጉ ጋር 3,880። ጌሙ ይሄን ቁጥር የትም አያሳያችሁም፣ የፋይናንስ አማካሪው ገጽ ላይ የለም፣ ምክንያቱም ያልተሸጠ ዕቃ ወጪ ተብሎ አይመዘገብም። ጦር ሠርቼ ለምን ደኸየሁ የሚሉ ሰዎች መልሱ እዚህ ጋ ነው።

218፣ ጁን

ካዝናው ቀይ ሆነ። ወዲያው የቄሳር መልእክት መጣ፣ ቆጣ ብሏል።

በዚህ ወር ያደረግሁት ግን በጣም ያስደሰተኝ ነገር ነው። ፎረም ሠራሁ፣ ሕዝቡ አሁን ከድንኳን ወጥቶ ግብር የሚከፍልበት ደረጃ ላይ ነው። ችግሩ ግብር ሰብሳቢው ነው። ሰውየው ከፎረም ወጥቶ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ በዘፈቀደ ይታጠፋል። የኔው ደግሞ በሆነ ምክንያት ወደ ማዕድኑ የሚወስደውን መንገድ ወደደው። ሰፈር ውስጥ ገብቶ ቤት ቤቱን እንደ መዞር፣ ዝርግፍ ያለ ልብሱን ለብሶ ባዶ በረሃ ላይ ሽር ብትን ይላል፣ ከማዕድኑ ደርሶ ይመለሳል፣ ቀኑ አለቀ። ያላለፈበት ቤት ግብር አይከፍልም። የፋይናንስ ገጹ ላይ ለግብር የተመዘገበው ሕዝብ 58 በመቶ ብቻ ነበር።

መፍትሔው ከጦር ሜኑ ነው የመጣው። የግንብ በር። በሩን መንገድ ላይ ስታስቀምጡት ዝም ብሎ የሚንከራተት ሰው አያልፈውም፦ ግብር ሰብሳቢ፣ ፕሪፌክት (እሳት አጥፊና ጠባቂ)፣ የትምህርት ቤት ልጅ፣ ሁሉም እዚያ ሲደርስ ይመለሳል። መድረሻ ያለው ሰው ግን ያልፋል። ጋሪ ገፊው ብረቱን ይዞ ያልፋል፣ ነጋዴው ያልፋል። ስለዚህ ሰፈሩ ከማዕድኑ መንገድ ጋር በሚገናኝበት ቦታ አንድ በር፣ ወደ እርሻው በሚወስደው ላይ ሌላ በር። አጠገቡ ግንብም ምንም የለም፣ በረሃ ላይ ብቻውን የተገተረ በር ነው፣ ለዓይን አስቂኝ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቼ ስመለከት ምዝገባው 93 በመቶ ገብቷል። ግብሩ ራሱ 7 በመቶ ነው፣ አልነካሁትም። መጣኔውን ከመጨመር ሰብሳቢውን አቅጣጫ ማስያዝ ይበልጣል፣ ሕዝቡም አያጉረመርምም።

218፣ ሴፕቴምበር

ታች ደረስን። ከዜሮ በታች 2,150። ወለዱ በወር 18 ዲናር ነው። አስቡት፣ አንድ ጭነት መሣሪያ 180 ነው። የአሥር ወር ወለድ በአንድ ጋሪ ይከፈላል። ዕዳ ዕዳ ነው ብለው ከሩቅ የሚሸሹት ሰዎች ይሄን ቢያሰሉት ጥሩ ነበር። የሚያስፈራው ወለዱ ሳይሆን ሞገሱ ነው።

መሣሪያው ቀስ እያለ እየወጣ ነው። ሁሉም ወደ ካምፕ ይሄዳል፣ ሲራኩሳ እስካሁን አንድ ጭነትም አላየችም።

217፣ ጃንዋሪ

ዓመታዊው ግብር ለሮም ሳይከፈል አለፈ፣ ካዝናው ባዶ ነዋ። ዕዳው 1,730። ሞገስ 38።

ሌጌዎኑ 8 ሰው አለው። ጦር ወርዋሪዎቹ ሞልተዋል።

በዚህ ላይ ቄሳር 8 ጭነት ጦር መሣሪያ እንድልክለት ጠየቀ። ሁለት ዓመት ሰጥቶኛል። እንግዲህ አንዲቱን ጭነት ሦስት ሰው ይፈልጋታል፦ ካምፑ፣ የሲራኩሳ ነጋዴ፣ ቄሳር። ለቄሳር ማጠራቀም ብፈልግ የንግድ አማካሪው ጋ ሄጄ "አከማች" የሚለውን መንካት ነው፣ ግን እሱን ስነካው ሽያጩም ይቆማል፣ ወደ ካምፕ መሄዱም ይቆማል። ሁለት ወዶ አይሆንም ይባላል፣ እዚህ ሦስት ነው። ወሰንኩ፦ ቄሳር ይጠብቅ። ጊዜ ሰጥቷል አይደል።

ታናሽ እህቴ ከጀርባዬ ቆማ ስታይ ቆየችና "ለመሆኑ የወታደሮቹን ደሞዝ ማነው የሚከፍለው?" አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንም። በዚህ ጌም ወታደር ደሞዝ የለውም፣ አይበላም፣ ጡረታ አይጠይቅም። የሚከፈለው ለካምፑ አሥር ሠራተኞች ብቻ ነው፣ በዓመት 30 ዲናር። የእውነቷ ሮም ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን አንድ ተራ እግረኛ በዓመት 225 ዲናር ያገኝ ነበር፣ ከሱ በኋላ የነገሠው ዶሚቲያን 300 አደረሰው። ሲሰናበት ደግሞ 3,000 ዲናር ይሰጠዋል። ይሄ ስንብት ግምጃ ቤቱን ስላስጨነቀው አውግስጦስ በ6 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ለጦር ብቻ የሚሆን ካዝና አቋቋመ፣ ከኪሱ 170 ሚሊዮን ሴስተርስ (ከዲናር ያነሰ የሮም ሳንቲም) አስገባበት፣ ከዚያ በውርስ ላይ 5 በመቶ፣ በጨረታ ሽያጭ ላይ 1 በመቶ ግብር ጥሎ አስቀጠለው። ባለሀብቶቹ በውርስ ግብሩ ክፉኛ ተማረሩ። በኔ ሂሳብ 16 ወታደር በ225 ዲናር በዓመት 3,600 ነው፣ ይሄ ቢጨመርብኝ ዛሬውኑ ጌሙን ዘግቼ እተኛ ነበር።

የሚገርመው፣ ከጁሊየስ ኮድ ተነስተው ሌሎች አዳዲስ ነገር እየጨመሩ የሠሩት ሥሪት ስሙ አውግስጦስ ነው፣ እዚያ ላይ ወታደር ይበላል፣ ምግብ ቤት ትሠሩለታላችሁ። እሱን ሌላ ጊዜ።

217፣ ጁላይ

መጡ። በምዕራብ፣ ልክ በማዕድኑ በኩል።

ሌጌዎኑ 15 ደርሷል፣ አንድ ሰው ጎድሎታል። ጦር ወርዋሪ 16። የጌሙን ፍጥነት ወደ 10 በመቶ አወረድኩት። ከጠርዝ የገቡት ጎራዴ ያዦች ብዙ ናቸው፣ ከኋላቸው ዝሆኖች። ዝሆን እዚህ ጌም ላይ በቀላሉ አይወድቅም፣ ጦር እየተሰካበትም ወደፊት ይመጣል።

ሌጌዎኑን ከማዕድኑ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ኮረብታውን በሚታጠፍበት ጠባብ ቦታ በሁለት ረድፍ አቆምኩት። ወርዋሪዎቹን ከኋላው አደረግሁ፣ ትንሽ ራቅ አድርጌ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ጠላት ሕንፃ ላይ ከደረሰ ሕንፃው መንደድ ይጀምራል፣ ስለዚህ ወደ ከተማ እስኪገባ አይጠበቅም። ጎራዴ ያዦቹ ሌጌዎኑ ላይ ተከመሩ። በዚህ መሃል አንዱ ክንፍ በኮረብታው ዞሮ አንድ ቀጥቃጭ ቤትና አንድ የአፈር ጉድጓድ አቃጠለ። ሁለት ፕሪፌክቶች ባልዲያቸውን ጥለው ሲሮጡ አየሁ። ፕሪፌክት እሳት ብቻ አይደለም የሚያጠፋው፣ ይዋጋልም፣ ሁለቱም ግን እዚያው ቀሩ።

ዝሆኖቹ ሲደርሱ የሌጌዎኑ ሞራል እየወረደ ነበር። ሞራሉ ካለቀ ትእዛዝ አይሰማም፣ ባንዲራውን ይዞ ወደ ምሽጉ ይሸሻል። ወርዋሪዎቹን ወደ ግራ አዞርኳቸውና ሁሉም የፊተኛውን ዝሆን እንዲያገኙት አደረግሁ። ወደቀ። ሁለተኛውም ወደቀ። ቀሪዎቹ ጎራዴ ያዦች ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

ሌጌዎኑ 9 ሰው ቀረው። ጦር ወርዋሪ 14። የሰላም ነጥብ (ጌሙ ከተማዋን ከሚለካባቸው አንዱ) በተቃጠሉት ሕንፃዎች ምክንያት ወረደ። ዕዳው 1,100። ዕዳ ውስጥ ከገባሁ ዓመት ሞልቷልና ሞገስ እንደገና ዝቅ አለ፣ 31።

217፣ ኦገስት

አሁን ልማዱ ሌጌዎኑን ቶሎ መሙላት ነው። ካምፑን ብተወው ራሱ ያደርገዋል፣ የሚወጣውን መሣሪያ ሁሉ እየጎተተ። እኔ ግን የሚቀጥለውን ጥቃት ያዘዝኩት በ212 ነው፣ አምስት ዓመት አለኝ። አሁን የሚያስፈልገኝ ገንዘብ ነው።

ካምፑ መሣሪያ እንዳይወስድ የሚያደርግ ቁልፍ የለም። "አከማች" ሽያጩንም ስለሚያቆም አይሆንም። ስለዚህ ወደ ካምፑ ከሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ካሬ አፈረስኩ። አለቀ። ጋሪው መድረስ አይችልም፣ መሣሪያው መጋዘን ይገባል፣ የሲራኩሳ መርከብ ይጭነዋል። መንገዱን መልሶ ለመሥራት 4 ዲናር ይበቃል። መንገዱ እስኪመለስ ካምፑ ሠራተኞቹን ያጣል፣ ጦር ወርዋሪዎቹም አይተኩም፣ ለጊዜው ይሁን።

217፣ ዲሴምበር

8 ጭነት ተሸጠ፣ 1,440። ሸክላው እንደወትሮው። ካዝናው ወደ ላይ ወጥቶ 700 ላይ ነው። ዕዳ የለም። ጠቅላላ የከፈልኩት ወለድ ከ200 ዲናር አይበልጥም፣ በዚህ ዋጋ ነው ከተማዋ ያልተቃጠለችው።

216

ይሄ ዓመት በእውነተኛው ታሪክ ለሮም የከፋው ነው፣ የካርታጎው ጦር አዛዥ ሃኒባል ካናይ ላይ ሠራዊቷን የደመሰሰበት። እኔ ጋ ግን ሰላም ነው፣ ነጋዴ ይመጣል ነጋዴ ይሄዳል።

ከጃንዋሪ ጀምሮ "አከማች" ብዬ የመጀመሪያዎቹን 8 ጭነቶች ለቄሳር አጠራቀምኩ። ሜይ ላይ ጨረስኩና ላክሁ። ሞገስ ወደ 40ዎቹ ተመለሰ። ከዚያ ማከማቸቱን አንስቼ ሽያጩን ለቀቅሁት።

የዓመቱ ትልቁ ሥራ ሦስተኛው ማዕድንና ሁለት ተጨማሪ ቀጥቃጭ ቤት ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ይሄ ማስታወሻ በሙሉ የተጻፈው ለዚህች ነገር ነው። አራቱ ቀጥቃጮች በዓመት 19 ያወጣሉ። ሲራኩሳ ከ15 በላይ አትገዛም፣ ብትለምኗትም አትገዛም። ስድስት ቀጥቃጭ ሲሆኑ 28 ይደርሳል። ስለዚህ 13 ጭነት ገዢ የለውም። ገዢ የሌለው መሣሪያ ወታደር ሲሆን ምንም አላጣሁም። 3,880 ያልነው ሌጌዎን አሁን ዋጋው 1,000 ለምሽጉ፣ ሲጨመርበት የሠላሳ ሠራተኛ ደሞዝ፣ በዓመት 90 ዲናር። ኮታውን አልፋችሁ እስካልሠራችሁ ድረስ እያንዳንዱ ወታደር 180 ዲናር እየበላ ነው የሚወለደው። ካለፋችሁ ግን በነፃ ነው ማለት ይቻላል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሆነ። ጃንዋሪ ሲገባ ኮታው እንደ አዲስ ይጀምራል። የካምፑን መንገድ እቆርጣለሁ። የንግድ ገጹ ላይ የተሸጠው 15 እስኪሞላ እጠብቃለሁ። ሲሞላ መንገዱን እመልሳለሁ፣ የቀረው ሁሉ ወደ ካምፕ። ዘንድሮ የቄሳሩ 8 ስለነበረ ኮታው አልሞላም፣ 11 ብቻ ተሸጠ። ዓመቱ ሲያልቅ መንገዱን ለትንሽ ጊዜ ለቀቅኩት፣ 4 ወታደር ገባ።

ትርፉ 2,700 አካባቢ ነው፣ ሮም ሩቡን ወሰደች። እሱ ያናድዳል። ያተረፈ ከተማ ከትርፉ ሩብ ይከፍላል፣ ስለዚህ ዲሴምበር ላይ ለመሥራት ያሰባችሁት ነገር ካለ ከዓመት መለወጫ በፊት ሥሩት። የግንባታ ወጪ ትርፉን ይቀንሰዋል። እኔም የፈረሰውን ቀጥቃጭ ቤትና ሁለት ፏፏቴ ያኔ ነው የሠራሁት። ካዝና 2,750።

አንዳንድ ቤቶች ወደ ቪላ ለመለወጥ እየተንደረደሩ ነው። ወይን እንዳይደርሳቸው አደረግሁ። ቪላ ብዙ ግብር ይከፍላል፣ እውነት ነው፣ ግን የቪላ ሰው አይሠራም። ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ቪላ ቢሆን ማዕድኑ ሰው ያጣል፣ ማዕድኑ ሰው ካጣ መሣሪያ የለም፣ መሣሪያ ከሌለ የቪላውን ሰው ማን ይጠብቀዋል። ለብልጽግና ነጥቡ ጥቂት ቪላ ያስፈልገኛል፣ በኋላ በሌላ ሰፈር፣ ለብቻቸው።

215፣ ኦክቶበር

ኮታው ኦገስት ላይ ሞላ፣ 2,700 ዲናር። መንገዱን መለስኩ። ሌጌዎኑ ሦስት ሰው ይጎድለው ነበር፣ ሞላ፣ 16። ጦር ወርዋሪዎቹም ሁለቱን ተኩ። የተረፈው መሣሪያ መጋዘን ውስጥ አለ፣ ስለዚህ ሁለተኛ የሌጌዎን ምሽግ ሠራሁ፣ ካዝናው ችሎታል። የጦር አካዳሚም እፈልጋለሁ፣ በዚያ ያለፈ ወታደር በጣም ይጠነክራል፣ ግን የሚመጣው ዓመት ይሁን።

ትላንት ደግሞ ሮም ሌላ ከተማ ተከቦባት ጦር ላክልኝ አለች። ይሄንንም ኤዲተሩ ላይ ራሴ ያስቀመጥኩት ነው። አንደኛውን ሌጌዎን ለኢምፓየር አገልግሎት ብዬ መደብኩና ላክሁት። ካሸነፈ የድል ቅስት መሥራት ይፈቀድልኛል፣ ሞገሱም ከፍ ይላል። እዚህ የሚቀሩት ጦር ወርዋሪዎቹና አዲሱ ምሽግ ውስጥ ያሉት አራት ሰዎች ናቸው። ካርታጎ እስከ 212 አትመጣም፣ ስለዚህ ለመላክ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ለጃንዋሪ የተዘጋጀው፦ ግብር 8 በመቶ ይሞከራል፣ ሕዝቡ ካጉረመረመ ወዲያው ወደ 7። ደሞዝ 30 ላይ ይቆያል፣ ሮም ካልጨመረች። የካምፑ መንገድ ይቆረጣል። ከሲራኩሳ ሌላ መሣሪያ የምትገዛ ከተማ አለች፣ መንገዷን ለመክፈት የምትጠይቀው ከፍ ያለ ነው፣ እሷን ከከፈትኩ ግን ኮታው ስለሚጨምር አራተኛ ማዕድን ያስፈልገኛል። ኮረብታው ሥር ለአንድ ማዕድን የሚሆን ቦታ ቀርቷል፣ መንገዱን እስከዚያ ስቤዋለሁ።